ሁለት ጊዜ የሚጠይቁት ጋሽ ደበላ

ጋሽ ደበላ ማረፋቸውን የሰማሁት አዳማ ገበያ ውስጥ ሲባጎ ስገዛ ነው። ፍራሽ የማስርበት አጥቼ ነበር የወጣሁት። ሻጩ ከድር ነው፤ ድሮ የእርዳታ እህል የሚያመላልስ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይነዳ የነበረው፣ ዛሬ ጉልበቱ ሲደክም ገመድና ሲባጎ ዘርግቶ የተቀመጠው ከድር። በክንዱ እየለካልኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣

«ብርቄ፣ ሰውዬሽ አረፉ እኮ» አለኝ።

«የትኛው ሰውዬ?»

«አንቺና እኔ ስንት ሰውዬ አለን? ጋሽ ደበላ ናቸዋ! ቡልቡላ፣ እህታቸው ቤት። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ።»

የያዝኩት የሲባጎ ጫፍ ከእጄ አመለጠ። መቼም አንደበት የለመደውን ነውና የሚያወጣው፣ «በሰላም ነው ያረፉት?» አልኩት።

«በሰላም። አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም።»

ሁለታችንም የጋሽ ደበላ ሰዎች ነን፤ አንድ ጊዜ ተጠይቆ የተመለሰ መልስ፣ መልስ እንዳልሆነ እናውቃለን። ሁለተኛውን ለመጠየቅ ግን ወዲያው አቅም አላገኘሁም። እናንተም ታገሡኝና መጀመሪያ ሰውየውን ልንገራችሁ።

ያወቅኋቸው በደርግ ጊዜ ነው፣ ያ ክፉ ድርቅ ካለፈ በኋላ። አዳማ ያኔ ናዝሬት ናት። ከከተማው ዳር የእርዳታ እህል መጋዘን ነበረ፤ እኔ እዚያ የተቀደደ ጆንያ እሰፋ ነበር። መሠረተ ትምህርት ፊደል አስቆጠረኝ፣ ንባቡን ግን የጨረስኩት ጆንያ ላይ በተጻፈውና ዕቃ በተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። እሳቸው የስምሪት ኃላፊ ነበሩ፤ የትኛው መኪና የት ይሂድ የሚሉት። ከዚያ በፊት ሁሩታ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። በቀይ ሽብሩ ሰሞን ክፍል ውስጥ እያስተማሩ ወሰዷቸው፤ ሲለቋቸው ወደ ጥቁር ሰሌዳው አልመለሷቸውም። እሳቸውም ለምን ብለው አልጠየቁም። ያን ጊዜ የተፈታ ሰው ለምን ታሰርኩ ብሎ አይጠይቅም።

ረጅም፣ ከሲታ፣ በናዝሬት ፀሐይ ኮት የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ጀርባቸውን ለበር ሰጥተው አይቀመጡም። ከቢሯቸው በር ጀርባ፣ ምስማር ላይ፣ ተጣጥፎ በሲባጎ የታሰረ ግራጫ ብርድ ልብስ ተንጠልጥሎ ነበር። ሥራ እንደጀመርኩ ሰሞን ልጅነቴ ገፋፍቶኝ፣

«ጋሼ፣ በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ምን ያደርግልዎታል?» ብላቸው፣

«ባለፈው ጊዜ ሳልይዝ ነው የሄድኩት» አሉኝ፣ ስለ ጃንጥላ እንደሚያወራ ሰው።

ነገሩ የገባኝ ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ላይ ነው። የሰው አጥር ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና መጋዘኑ በር ላይ በቆመ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ያንን ምስማር ሆነ።

አሁን ስለ ሲባጎዎቹ ልንገራችሁ። የመጋዘኑ የኋላ ግድግዳ ላይ ምስማር ተደርድሮ፣ ከእያንዳንዱ ምስማር ሲባጎ ተንጠልጥሏል። አንዱ ሲባጎ አንድ ቦታ ነው፦ ሁሩታ፣ ቡልቡላ፣ መቂ፣ ወለንጪቲ፣ ከዚያም ስማቸውን ካርታ የማያውቀው መንደሮች። ከላይ ወደ ታች ይቋጠራል። የመጀመሪያው ቋጠሮ የሚጠጣ ውሃ ነው፤ ቀጥሎ መንገድ፤ ቀጥሎ ወፍጮ፤ ቀጥሎ ሰው የሚጠለልበት ጣሪያ። ያለው ይቋጠራል፣ የሌለው ባዶውን ይታለፋል። ከጫፉ ላይ ደግሞ ከአሮጌ ሹራቤ የተረተርኩላቸው ክር ይታሰራል፤ ባለፈው መከራ የተደረገለት ነገር ከበጀው ነጭ፣ ከጎዳው ጥቁር።

አንድ ቦታ ጎርፍ መጣ ወይም እህል አለቀ ተብሎ ሲደወል፣ ጋሽ ደበላ የዚያን ቦታ ሲባጎ አውርደው ከሌሎቹ ጋር ጎን ለጎን ያስተኙታል። ቋጠሮው ከቋጠሮው የሚገጥመውን «መንትያ» ይሉታል።

«መንትያዋን ፈልጊ፣ ብርቄ ኮ» ይሉኛል፤ «የኔ» ማለታቸው ነው፤ ኦሮምኛው የሚመጣባቸው ፍቅር ሲይዛቸው ነው። «የሚመስልሽን ሰው ምን እንዳዳነው ሳትጠይቂ መድኃኒት አትግዢ።»

መንትያዋን ያዳናት ምን እንደሆነ ያዩና ለአደጋ ኮሚቴው ይናገራሉ። ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ፣ «ሲባጎ ይመክራል፣ ሰው ይወስናል» ይሉ ነበር። ለምን ወረቀት ላይ አይጽፉትም ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። «ወረቀት ፊርማ ይፈልጋል» አሉኝ። «ፊርማ ደግሞ ባለቤቱን ይፈልጋል።»

ከድር አይቀልድ መሰላችሁ? ያኔ ላጤ ነበር። «ጋሼ፣ እኔንም ቋጥሩኝና መንትያዬን ፈልጉልኝ፤ ሚስት ላግባ!» ይላቸዋል።

«የአንተን መንትያ ያገባችውን ጠይቄልሃለሁ። ጥቁር ክር ነው ያሰረችው» ይሉታል፣ ሳይስቁ።

ዋናው ነገር ግን ሁለተኛው ጥያቄ ነው። የእኛ አገር ሰው ደህና ነህ ሲባል ደህና ነው የሚለው። ዝናቡ ጠፍቶ፣ ከብቱ አልቆ፣ ልጁ ታሞ፣ መጀመሪያ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ኦሮሞውም «ናጋ» ይላል፣ እስላሙም «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ይህ ውሸት አይደለም፤ ጨዋነት ነው፣ መከራን በር ላይ አለማስቀደም። መከራው የሚወጣው ሰላምታው ዞሮ ሁለተኛ ሲመጣ ነው። ጋሽ ደበላ ይህንን ያውቃሉ። ከድር ከመንገድ ሲገባ፣

«አካም ጅርታ ከድር፣ መንገዱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው ጋሼ።»

«ቤተሰብ ደህና? መኪናው ደህና?… መንገዱስ?»

«…ድልድዩን ጎርፍ ግማሹን በልቶታል።»

«ታዲያ ደህና ምን አመጣው?»

«ጠየቁኛ ጋሼ! ምን ልበል?»

የመጀመሪያው መልስ ነጠላ ቋጠሮ ነው፤ በሁለት ጣት ሳብ ብታደርጉት ይፈታል። የሁለተኛው መልስ ድርብ ይቋጠራል፤ በጥርስም አይፈታ። በስልክና በሪፖርት የሚመጣው ሁሉ ነጠላ ነበር። ቀበሌው ለወረዳው «ደህና» ይላል፣ ወረዳው ለአውራጃው «ደህና» ይላል፣ ሁለተኛ የሚጠይቅ የለም። ጋሽ ደበላ ሲመክሩ ድርቡን ይዘው ነው። ይህን እኔም ከድርም ተሸካሚዎቹም እናውቃለን፤ ጮክ ብሎ የሚናገር ግን አልነበረም። ነጠላ ማለት እኮ «መንግሥት የነገረን አይታመንም» ማለት ነው፤ ያ ቃል ደግሞ ያን ጊዜ ሰው ያስበላል።

የአደጋ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ታምራት የሚሉት ወጣት ነበር። ሁሩታ ጋሽ ደበላ ያስተማሩት ልጅ ነው፤ አሁን ግን «ጓድ ደበላ፣ አንተ» ነው የሚላቸው። ግድግዳውን መጀመሪያ ያየ ቀን፣ «ይሄ ምንድን ነው፣ ጥንቆላ ጀመርክ?» ብሎ ሳቀ። በኋላ ምክሩ እየያዘለት፣ በየስብሰባው እየተመሰገነበት ሲሄድ ወደደው። እንግዳ ሲመጣ ራሱ ያስጎበኝ ጀመር። ጋሽ ደበላን ያስፈራቸው ይህ ነው። «ከስድብ ይልቅ ጉብኝት ፍሪ» ይሉኝ ነበር።

እንደፈሩትም ሆነ። በመንደር ምሥረታው ከአዋሽ ማዶ፣ ሜዳው ላይ፣ አዲስ መንደር ተሠርቶ ነበር፤ ቀይ ጮራ አሉት። ታምራት የተሾመበትና የተመሰገነበት መንደር ነው። አንድ ቀን ከረዳቶቹ ጋር መጣና የቀይ ጮራን ሲባጎ ካልሰቀልክ አለ። ጋሽ ደበላ አዲስ ሲባጎ ቆረጡ።

«ውሃ?»

«ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ ንጹሕ ውሃ አለ።»

ነጠላ ቋጠሩ። ታምራት ዝቅ ብሎ ተመለከተ፤ ከጎኑ የተንጠለጠለውን የሁሩታን አየ። ደደብ አልነበረም።

«ይሄኛው ወፍራም ነው። የእኔ ለምን ቀጠነ?»

እኔ የጆንያ መርፌውን ጣቴ ውስጥ ሰክቼው ኖሮ የታወቀኝ በኋላ ነው።

«ጥብቅ አድርገህ ቋጥር፣ ጓድ ደበላ። ሁሉንም።»

ጋሽ ደበላ ቋጠሩ። ድርብ፣ ከላይ እስከ ታች። ሰዎቹ ሲወጡ ግድግዳው ፊት ብዙ ቆሙ፤ ይፈቱታል ብዬ ጠበቅሁ። አልፈቱትም። እኔንም አላዩኝም። ወደ ቢሯቸው ገብተው በሩን መለስ ሲያደርጉ፣ ብርድ ልብሱን ሲነኩት ምስማሩ ሲጥጥ ሲል ሰማሁ።

ከዚያ ነሐሴ መጣ። አዋሽ ከአፉ ወጣ። ከድልድዩ ማዶ ዝቅ ብላ ያለች መንደር በውሃ ተከበበች፤ ሰዉ ከነልጁ፣ ከነፍየሉ አንዲት ጉብታ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። መኪናዎቹ ከመጋዘኑ ግቢ ሞተራቸው ሳይጠፋ ይጠብቃሉ፤ ውሃው ድልድዩን ከዘለለ የሚሻገር የለም። ቀኑ ገና እኩለ ቀን አልሆነም። ኮሚቴው ሲባጎዎቹ ፊት ቆሞ ጥያቄው አንድ ነው፦ እነዚህን ሰዎች የት እንውሰዳቸው?

ጋሽ ደበላ የመንደሪቱን ሲባጎ አወረዱ። መንትያ ፈለግን። ከመቂ በታች ያለች ሰፈር ገጠመች፤ እሷም እንዲሁ በጎርፍ ተነሥታ ነበር። ጫፏ ላይ ጥቁር ክር። ጋሽ ደበላ ድምፃቸው እየደከመ ተናገሩ፦ ያኔ ሰዉን ከጎርፉ አውጥተው ጣሪያ ያለበት፣ የሚጠጣ ውሃ የሌለበት ቦታ አሰፈሩት። ሕፃናቱ የጎርፉን ውሃ ጠጡ። ከጎርፉ ተርፈው በተቅማጥ አለቁ።

«እንግዲህ ምክሩ፣» አሉ፣ «ንጹሕ ውሃ ያለበት ቦታ ነው። ቅርብ ቢሆን ደግሞ የተሻለ።»

«በቃ!» አለ ታምራት። ሄዶ የቀይ ጮራን ሲባጎ ያዘ። «ቅርብ ነው። ውሃው ይኸው፣ ድርብ። ራሱ ሲባጎህ ተናገረ እኮ! ውሃ ያለው ሌላው ቦታ ሁሩታ ነው፤ ሽቅብ ነው፣ ብርድ ነው፣ ነዳጅ ነው። ቀይ ጮራ ይሂዱ። ፈርምልኝና መኪናው ይነሣ።»

የጋሽ ደበላ ምክር እኮ ነው በራሳቸው አንገት ላይ የዞረው። ያን የሐሰት ቋጠሮ በገዛ እጃቸው ቋጥረውታል። ውሸት ነው ቢሉ፣ በሰው ፊት፣ የታምራትን መንደር ውሸት ማለታቸው ነው። ዝም ቢሉ ጉብታው ላይ ያሉት ልጆች አሉ። ከድር ካቦርቱን ይዞ በር ላይ ቆሟል። እኔ የማየው ምስማሩን ነው። እግዚኦ፣ ዝም ይበሉ ብዬ ጸልያለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ዝም አይበሉ ብዬ። የትኛውን እንደፈለግሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጋሽ ደበላ መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ ታምራት ዞረው፣ እንደ ገበያ ሰላምታ፣ ቀስ ብለው፣

«የቀይ ጮራ ውሃ እንዴት ነው?» አሉ።

«ደህና ነው አልኩህ!»

«ሰዉ ደህና? ልጆቹ ደህና?» አሉ። «…ውሃውስ?»

ግቢው ውስጥ የሞተር ድምፅ ብቻ ቀረ። ሁላችንም ሁለተኛ መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፤ ለካ ታምራትም ያውቅ ኖሯል። ወደ ኮሚቴውና ወደ ረዳቶቹ ተመለከተና ወደ ግቢው ውጡ አላቸው። እኔን አላስተዋለኝም፤ ጆንያ የምትሰፋ ሴት ማን ያያል? እነሱ ሲወጡ ወደ ጋሽ ደበላ ተጠጋ። ለካ እሱም እንደኛው ይፈራል!

«የለም፣ መምህር» አለ በሹክሹክታ። «ቆፍረን ድንጋይ ሆነብን። አለ ብዬ ለበላይ ሪፖርት አድርጌያለሁ። አለ ብያለሁ እኮ፣ መምህር!»

«ሁሩታ ይሂዱ» አሉ ጋሽ ደበላ።

«ሲጠይቁኝ ምን እላለሁ?»

«ደበላ መከረኝ በላቸዋ።»

ታምራት ወረቀት አወጣ። ጋሽ ደበላ ፈረሙ፤ ያን ሁሉ ዓመት ፊርማ የሸሹት ሰውዬ።

ከድርና ጓደኞቹ ሰዉን አውጥተው ሁሩታ አደረሱት። ሰዉ በብርዱ አማረረ፤ «ሜዳው እያለ ተራራ ያወጣን ማነው፣ እግሩ አይውጣ!» እያለ ተራገመ። ውሃው ደግሞ ቀይ ጮራን ሳይነካት ጎደለ። መንደሪቱ ደርቃ፣ ጣሪያዋ እያብለጨለጨ ቆመች። እንግዲህ ከላይ መጥቶ ለሚያይ ሰው ምን ይመስላል? ደህና መንደር ተንቆ፣ ነዳጅ ባክኖ፣ የአብዮቱ ሥራ ስሙ ጠፍቶ። አንድም ልጅ አልሞተማ! ያልሞተ ልጅ ምን ብሎ ይመሰክራል?

ይህንን ስላቸው ጋሽ ደበላ፣ «የዳነ ሰው ከምን እንደዳነ አያውቅም፣ ብርቄ ኮ» አሉኝ። «ስለዚህ አያመሰግንም። አትቀየሚው።»

የፈራኋት መኪና የመጣችው አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ነው። ትንሽ ላንድሮቨር ናት፤ ድምፅ እንኳ አልነበራትም። ሁለት ሰዎች ወርደው በትሕትና ስማቸውን ጠየቁ። ጋሽ ደበላ ተነሥተው ብርድ ልብሱን ከምስማሩ አወረዱ። በአጠገቤ ሲያልፉ፣

«የወለንጪቲ መንገድ ከድር ሲመለስ ሁለተኛ ይጠየቅ» አሉኝ። ሌላ ቃል የለም።

ታምራት በማግሥቱ መጣ። ግድግዳውን ሳያይ፣ «አውርጂና አቃጥይው» አለኝ። አወረድኩት፣ አላቃጠልኩትም። ሲባጎ ጠፍቶ ነበር ያን ሰሞን፤ የጆንያ አፍ ሰፋሁበት። ቋጠሮዎቹ በመርፌው ዓይን አናልፍ ሲሉኝ በወፍራሙ መርፌ እየበሳሁ፣ የቡልቡላን ውሃ፣ የመቂን ወፍጮ፣ የሁሩታን ጣሪያ እየሰፋሁ በስንዴ ላይ ጫንኩት። ከድር ጆንያውን ሲያይ ገባው። እያንዳንዱን ቀስ እያለ ነበር የሚያወርደው አሉ።

ብዙ ክረምት አለፈ። አንድ ቀን መጋዘኑ በር ላይ ሽማግሌ ቆመው አየሁ። የታሰረ ብርድ ልብስ በብብታቸው ይዘዋል። በእሱ ነው ያወቅኋቸው።

«ጋሼ! ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ ብርቄ ኮ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

ወንበር አመጣሁ፣ ውሃ አመጣሁ። የሆነ ያልሆነውን አወራሁላቸው፤ ከድር ማግባቱን፣ ሚስቱም ጥቁር ክር አለማሰሯን። ከዚያ እንደምንም ብዬ፣

«ጋሼ… ደህና ነዎት?»

የውሃውን ጣሳ በሁለት መዳፋቸው መሐል እንደያዙ አዩኝ። ከዚያ ጣሳውን አስቀምጠው ጣቶቻቸውን ዘረጉልኝ። ለማጠፍ ሞከሩ፤ አልታጠፉም።

«አይቋጥሩም» አሉ።

ለእህታቸው ልጅ ይዘውት የመጡት ዳቦ ጥቅሉ ተፈትቶ ነበር። ወስጄ በሲባጎ አሰርኩላቸው። ድርብ። ቋጠሮውን በአውራ ጣታቸው ጫን ብለው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። የቡልቡላ አውቶቡስ ላይ ያሳፈርኳቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ በዓይኔ አላየኋቸውም፤ ሰላምታቸው በከድር በኩል ነበር የሚደርሰኝ፣ ሁልጊዜም ሁለት ጊዜ።

ከድር ሲባጎውን ጠቅልሎ ሰጠኝ። ገንዘቡን አልቀበልም አለ። ገበያው ይንጫጫል፤ ሻጩም ገዢውም «ደህና ዋላችሁ? ደህና» ይባባላል። መሄድ እችል ነበር።

«ልጆች ደህና ናቸው ከድር?»

«ደህና።»

«ጉልበትህስ ተሻለህ?»

ምን እንደሚከተል አውቆ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ።

«…በሰላም ነው ያረፉት?» አልኩት።

ከድር የገመዱን ጥቅል ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ለመገነዣ ልብስ ፈልጉ ተባልንና ገባሁ» አለኝ። «ያ ሁሉ መንግሥት ወርዶ፣ ያ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ ብርድ ልብሱ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ነበር፣ ብርቄ። ታስሮ። በእህታቸው እጅ፣ ድርብ።»